በሦስት ሳምንት አገር ማወቅ፤ ስለ አጫጭር የውጭ አገር የኮሌጅ ትምህርት የቀረበ ሂስ

የኮሌጅ ተማሪ የጀመረውን ትምህርት ሳያቋርጥ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ እዚያ የተማረው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንዲቈጠርለት የማድረግ ልማድ በአሜሪካ ከተጀመረ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ሲጀመር አንድ ዓመት ሙሉ የሚፈጅ ነበር። ዛሬ ግን በአብዛኛው ከስምንት ሳምንት የማይበልጥ፣ ብዙ ጊዜም ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኗል። የቀድሞውም የአሁኑም የሚጠራው በአንድ ስም «የውጭ አገር ትምህርት» እየተባለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ስም ለሁለቱ እኩል ይገባ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን እነዚህ ተማሮች የሚሄዱበት «ውጭ አገር» ለሌላው ሰው የገዛ አገሩ ነው። በቡድን ሆነው ወደ አፍሪካ የሚመጡት ጥቂቶች አይደሉም፤ በመጡበትም ስፍራ ሁሉ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ጥያቄያቸውን የሚመልስ፣ መንገድ የሚያሳይ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣ የአገሩ ተማሪ አለ። እነርሱ ሲመለሱ የሚጽፉት ወረቀት ማርክ ያገኛል፤ ማርኩም ወደ ዲግሪ ይገባል። እንግዲህ ስለ እኛና ስለ መሰሎቻችን የሚጻፈው በምን ያህል ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ማርክ እንደሚያገኝ መጠየቅ የሚያገባን ይመስለናል።

አስቀድመን ወደ መጀመሪያው እንመለስ። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የዘመናይ ቋንቋዎች መምህር የነበረው ሬይመንድ ከርክብራይድ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተሳተፈ ሰው ነበር። ከጦርነቱ ተመልሶ ማስተማር ከጀመረ በኋላ የኮሌጁ ተማሮች ሦስተኛ ዓመታቸውን ፈረንሳይ አገር እንዲፈጽሙ የሚል አሳብ ለፕሬዚዳንቱ ለወልተር ሃሊሄን አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ አሳቡን ተቀበለ፤ ገንዘቡም ከግል ለጋሾች፣ በተለይም ከባለጸጋው ከፒየር ዱፖንት ተገኘ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በዚያን ጊዜ ግን የንግድ ሚኒስትር የነበረው ኸርበርት ሁቨርም አሳቡን ደገፈ። ንግድ ሚኒስትር ስለ ተማሮች ጉዞ ምን አሳሰበው ብሎ የሚገረም ቢኖር፣ አሳቡ የቀረበው ቋንቋ ለሚወዱ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ከውጭ አገር ጋር መነገድ ለሚሹትም ጭምር እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። በጁላይ 1923 ስምንት ተማሮች ሮሻምቦ በምትባል መርከብ ተሳፍረው ከኒው ዮርክ ተነሡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ የምናተኵርበት ስምንቱ ተማሮች ፈረንሳይ አገር ከደረሱ በኋላ በተደረገው ነገር ላይ ነው። ወዲያው ወደ ፓሪስ አልሄዱም። በመጀመሪያ ናንሲ በምትባለው ከተማ ተቀምጠው ቋንቋውን ሲያጠኑ ቈዩ፤ ወደ ሶርቦን የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። የሚያድሩትም በፈረንሳውያን ቤተሰቦች ቤት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1925 ስሚዝ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ 32 ሴት ተማሮችን ወደ ፈረንሳይ ሲልክ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ አንዲቱ ተማሪ ከሌላይቱ ጋር እንኳ በእንግሊዝኛ እንዳትነጋገር ቃል ማስገባትም የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ልማድ ሆነ። የዴላዌሩ ፕሮግራም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ሲቆም ስዊት ብራየር የተባለ ሌላ የሴቶች ኮሌጅ ተረክቦ ቀጠለበት።

በዚህ ዓይነት ከሄዱት መካከል የሁለት ሴቶችን ነገር ብንጠቅስ የዓመቱ ትምህርት ምን ይመስል እንደ ነበረ ይገለጣል። ዣክሊን ቡቪየር (ኋላ ወይዘሮ ኬኔዲ) በ1949 ከስሚዝ ኮሌጅ ቡድን ጋር ሄዳ በመጀመሪያ በግሮኖብል ቋንቋ አጠናች፤ ከዚያም ፓሪስ ገብታ በአንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት ተቀመጠች። ባልየው የሞተው በጀርመኖች እስር ነው፤ ሴትዮዋም ራሷ ከራቨንስብሩክ የእስር ካምፕ የተረፈች ነበረች። ቤቱ ለብርድ ወራት የሚበቃ ማሞቂያ አልነበረውም። ስለ ጦርነቱ በሶርቦን አዳራሽ ምን ያህል ሌክቸር ቢሰጥ በዚያ ብርድ ቤት ከሴትዮዋ ጋር ክረምትን ማሳለፍን ይተካል ብለን አናምንም። ሁለተኛይቱ አንጄላ ዴቪስ ናት። በሴፕቴምበር 1963 ከሀሚልተን ኮሌጅ ቡድን ጋር ቢያሪትዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቋንቋ በመሰናዳት ላይ ሳለች ጋዜጣ ገዝታ ስትመለከት፣ በተወለደችበት በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በፈነዳ ቦምብ አራት ልጃገረዶች መሞታቸውን አነበበች። ሟቾቹን በሩቅ ሳይሆን በቅርብ የምታውቃቸው ነበሩ። አብረዋት የነበሩት አሜሪካውያን ጓደኞቿ ኀዘኗን ለመካፈል ምን ያህል እንደ ተሳናቸው በሕይወት ታሪኳ ጽፋዋለች። ከአገር ርቆ መቀመጥ የራስን አገር እንዴት እንደሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘንም፤ ቢሆንም ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው መራቅ ብቻ አይደለም፣ ከዜናው በኋላም እዚያው መቈየት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ኀዘኑንም አሳቡንም ይዞ ይመለሳል።

የዓመቱን ትምህርት ስናመሰግን ግን አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። የሀብታም ልጆች ትምህርት ነበር። ከሄዱትም የሚበዙት ከታላላቆቹ የሴቶች ኮሌጆች የሚወጡ፣ ለኑሮአቸው የማይሠሩ ልጃገረዶች ነበሩ። በማታ የሚሠራ፣ ታናናሾቹን የሚረዳ፣ ወይም ኢንጂነሪንግ የሚያጠናና አንድ ዓመት ቢጐድልበት የትምህርቱ ተራ የሚዛባበት ተማሪ ሊያስበው የሚችል ነገር አልነበረም። ስለ አጭሩ ፕሮግራም የሚከራከሩት ሰዎች ከሚያቀርቡት ሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ይህ ነው፤ እኛም ከበድ ብሎ ስለ ታየን አልፈነው አንሄድም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 ባወጣው ሕግ ለድኻ ተማሮች የጊልማን የትምህርት ዕርዳታ እንዲሰጥ ማድረጉ፣ ይኸው ዕርዳታም በኋላ ለአጫጭር ፕሮግራሞች ጭምር ክፍት መሆኑ የሚመሰገን ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥም ቢሆን ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ የሠራተኛ ልጅ ፓስፖርት መያዙ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ቍጥሩን የተመለከተ ሰው ነገሩ በድኾች ተማሮች ብቻ እንዳልተወሰነ ይረዳል። በ1919 የተመሠረተው የዓለም አቀፍ ትምህርት ኢንስቲትዩት «ኦፕን ዶርስ» በሚባለው ዓመታዊ መግለጫው እንደሚያስረዳው፣ በ2018/19 የትምህርት ዓመት 347,099 የአሜሪካ ተማሮች በውጭ አገር ትምህርት ተካፍለዋል። ከእነዚህ ከመቶ 65 ያህሉ የቈዩት ለክረምት ዕረፍት ወይም ለስምንት ሳምንትና ከዚያ በታች ነው። ዓመቱን ሙሉ የቈዩት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ከአሥር አንድ የሚበልጡት ዓመቱን ይፈጽሙ ነበር። እንግዲህ በሩ ለድኻው ሲከፈት ባለጸጋውም በዚያው በአጭሩ በር መግባት ጀመረ ማለት ነው። ቀድሞ ዓመት ይቈይ የነበረው ተማሪ ዛሬ ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ይላል፤ በምስክር ወረቀቱም ላይ የሚጻፍለት ያው «ውጭ አገር ተምሯል» የሚል ነው።

ቍጥርን የማብዛት ፍላጎት ራሱ ለዚህ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። በአብርሃም ሊንከን ስም የተሰየመው የምክር ቤቱ ኮሚሽን በ2005 ባቀረበው መግለጫ ከዐሥር ዓመት በኋላ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ተማሮች ወደ ውጭ እንዲሄዱ አሳብ አቅርቦ ነበር። በ2016/17 የሄዱት 332,727 ናቸው። አሳቡ ባይሳካም መንፈሱ ቀርቷል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስንት ተማሮች እንደ ላከ ይነግረናል እንጂ ስንት ሳምንት እንደ ቈዩ በትልቅ ፊደል አያትምም። በሽታው በተስፋፋበት በ2020/21 ቍጥሩ ወደ 14,549 ወርዶ ነበር፤ በ2022/23 ተመልሶ 280,716 ደርሷል። አውሮፓውያንም ቢሆኑ ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉም። በ1987 በ11 አገሮችና በ3,244 ተማሮች የተጀመረው ኢራስመስ ከሦስት ወር በታች መቈየትን አይፈቅድም ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ግን ከአምስት እስከ ሠላሳ ቀን የሚፈጅ ጉዞ በኢንተርኔት ከሚሰጥ ትምህርት ጋር እያጣመረ ይቀበላል።

ለመሆኑ የሦስት ሳምንቱ ትምህርት እንዴት ይካሄዳል? ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ የራሱን ተማሮች ይዞ ይነሣል (ይህ መጠን ለትምህርት የተመረጠ ይሁን ለአውቶቡስ መቀመጫ አንወስንም)። ማደሪያቸው ሆቴል ወይም ለእነርሱ ብቻ የተከራየ ቤት ነው። የሚያስተምራቸው ያው የአገራቸው መምህር፣ በአገራቸው ቋንቋ ነው። ጧት ሌክቸር ይሰማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሙዚየም፣ ገበያ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ይጐበኛሉ። የአገሩ ምሁር ተጋብዞ አንድ ሰዓት ንግግር ያደርጋል፤ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ይጨበጨብለታል። ማታ የቀን ማስታወሻ ይጽፋሉ። በመጨረሻም ወረቀት አቅርበው ማርክ ይቀበላሉ። የዚህ ዓይነቱን ፕሮግራም የሙያው ሰዎች ራሳቸው «ደሴት» ይሉታል፤ ስያሜው ትክክለኛ ነው። በደሴቲቱ ላይ ያለ ሰው ውሃውን በየአቅጣጫው ያያል፤ አይረጥብም።

«ይሁን፣ ግን ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ጥናቱ ምን ይላል?» የሚሉ መምህራኖቻችን አሉ። ጥናቶቹን በተቻለን መጠን ተመልክተናል። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት በአንድ ትልቅ ድርጅት አማካይነት ከ1950 እስከ 1999 ወደ ውጭ ከሄዱት መካከል 3,400 ያህል ሰዎችን ጠይቆ፣ ረዘም ያለ ጊዜ የቈዩት የበለጠ ተጠቅመናል ብለዋል ሲል ደመደመ። በ2009 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎችን ጠይቀው፣ ኋላ በኅብረተሰብ ሥራ ላይ ለሚያሳዩት ትጋት የቈይታው ርዝመት ያን ያህል ልዩነት እንደማያመጣ አስረዱ። የአጭሩ ፕሮግራም ጠበቆች ይህን ሁለተኛውን ጥናት ደጋግመው ይጠቅሳሉ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጥናቶች አንድ ጕድለት አለባቸው፤ ይኸውም የጠየቁት የሄደውን ሰው ስለ ራሱ መሆኑ ነው። ከዐሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ «ያ ጉዞ ሕይወትህን ለወጠው ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አዎን ለማለት ብዙ ምክንያት አለው። ወጪ አድርጎበታል፤ ወጣትነቱን ያስታውስበታል፤ ለሥራ ፈላጊነቱም ጠቅሶታል። የተቀበለው ቤተሰብ፣ ያስጐበኘው የአገሩ ተማሪ፣ ንግግር ያደረገው ምሁር አልተጠየቁም። ፈተናውን የሚያርመው ተፈታኙ ከሆነ ሁሉም ማለፉ አያስገርምም። ከዚህ ሻል ያለ ሆኖ ያገኘነው በዚያው በ2009 የታተመውን ሌላ ጥናት ነው። ይህ ጥናት በ61 ፕሮግራሞች ውስጥ የነበሩ ከ1,000 የሚበልጡ ተማሮችን ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ ፈትኖ አወዳደራቸው። ብዙዎቹ ለሌላው ሕዝብ ባላቸው አስተዋይነት ያሳዩት እድገት ትንሽ ነበር። እድገት ያሳዩት በተለይ እዚያው እያሉ የሚያዩትን የሚያስተነትንላቸው አማካሪ የነበራቸው ናቸው። በቤተሰብ ቤት ማደር ብቻውን አልጠቀመም፤ የጠቀመው ከቤተሰቡ ጋር ብዙ ሰዓት ማሳለፍ ነው። በሌላ አነጋገር አልጋው አያስተምርም፣ ማዕዱ ያስተምራል።

ስለ ተመላሹ ተማሪ ደስታ ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አለ። ላይስጋርድ የተባለ የኖርዌይ ምሁር በፉልብራይት ዕርዳታ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ በ1955 ጥናቱን አወጣ። ከስድስት ወር በታች የቈዩት ደኅና ነበርን አሉ። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የቈዩትም እንዲሁ አሉ። ብቸኝነትና ቅሬታ የበዛባቸው በመካከል ያሉት ናቸው። ይህ መስመር ለሰው ሁሉ እኩል አይሠራም ብለው ኋላ የተከራከሩ ምሁራን አሉ፤ እኛም እንደ ሕግ አንወስደውም። ነገር ግን ለጉዳያችን የሚበቃ ፍንጭ ይሰጠናል። በአገራችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። የሦስት ሳምንቱ ተማሪ የሚመለሰው ገና ወርቅ ሳለ ነው። አስተናጋጁ ገና አልሰለቸውም፤ እርሱም ገና ቋንቋ አልቸገረውም፣ ገና ከማንም ጋር አልተጣላም፣ ገና የተናገረው ነገር ሰውን እንዳስቀየመ አላወቀም። ተመልሶ «ሕዝቡ እጅግ ደግ ነው» ሲል አልዋሸም። ደግነቱን ያየው በእንግድነቱ ስለ ሆነ፣ እንግድነቱ ሲያልቅ የሚመጣውን ትምህርት ግን ሳያየው ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣብን ይችላል፤ ይኸውም በታሪክ ጥቂት ወራት ብቻ ተገናኝተው ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። እውነት ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኢዮብ ሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሉዶልፍ በ1649 ሮም ሄዶ በቫቲካን ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 ደግሞ የጎታ መስፍን ኤርነስት መነኩሴውን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠርቶ ሁለቱ ለጥቂት ወራት አብረው ሠሩ። ከዚህ የጥቂት ወራት ሥራና ከዚያ በኋላ ከተላላኩት ደብዳቤ የ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698ም የአማርኛ ሰዋስው ወጡ። ጊዜው አጭር ነበር። ነገር ግን ሉዶልፍ ሮም ሲደርስ ግእዝን አስቀድሞ በኤርፉርት ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ጥያቄውንም ይዞ ነው የመጣው። ከተለያዩ በኋላም ሥራውን ሃምሳ ዓመት ያህል አልተወውም። ከዚህም ሌላ መምህሩ ማን እንደ ሆነ እናስተውል። የአገሩን ነገር ያስተማረው የአገሩ ሰው ነው፤ ስሙም በመጽሐፉ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይታወቃል። በእኛም በኩል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ከጥቂት ጊዜ ጕብኝት በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ቢሆንም እሳቸው ያን ጊዜ ብዙ መጻሕፍት የጻፉ፣ ብዙ አገር ያዩ ሚኒስትር ነበሩ፤ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ አልነበሩም። አጭር ጊዜ የሚበቃው አስቀድሞ ብዙ ለተሰናዳና ኋላም ብዙ ለሚሠራ ሰው ነው። የዛሬው ፕሮግራም አጭሩን ጊዜ ወስዶ መሰናዶውንና ክትትሉን ትቶታል፤ የምንነቅፈውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አስተናጋጁ ወገን እንለፍ፤ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው እርሱ ነውና። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ሁለቱን ዓይነት የውጭ አገር ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ አይተናል። አንደኛው ብዙ ዓመት የተቀመጠ፣ አማርኛ ተምሮ በአነጋገራችን የሚሥቅና በአነጋገሩ የምንሥቅበት፣ ስንታመም የሚጠይቀን፣ ስናጠፋም የሚቈጣን መምህር ነው። ሁለተኛው በክረምት የሚመጣው ቡድን ነው፤ ከረሜላ ይዞ መጥቶ ፎቶግራፍ ይዞ ይሄዳል። መምህሩን አንዳንዴ እንጠላው ነበር፤ ቡድኑን ሁልጊዜ እንወደው ነበር። ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው ከተወደደው ይልቅ አንዳንዴ የተጠላው አስተማረን። እርሱም ቢሆን ከእኛ የተማረው ነገር እንዳለ እርግጠኞች ነን፤ ሊጣላን እስኪችል ድረስ ያውቀን ነበርና።

ስለ ማስተናገድ የእኛ ኮሌጅ ራሱ የሚናገረው ታሪክ አለው። በ1958 አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ከተሰበሰቡበት ጊዜ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ተማሮች የትምህርት ዕርዳታ ሰጥቶ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። የመጡት ለጕብኝት አይደለም። በአንድ ዶርሚቶሪ አድረው፣ በአንድ ምግብ ቤት በልተው፣ ከእኛ ሰዎች ጋር አንድ ፈተና ተፈትነው ለዓመታት ተቀመጡ። ስለ ፖለቲካ በግልጽ መከራከር የለመዱ ስለ ነበሩ፣ ሌሊት በመኝታ ቤት የሚነሣው ክርክር ለኢትዮጵያውያን ተማሮች አዲስ ነገር ሆነባቸው። የተማሮች እንቅስቃሴን ታሪክ የጻፉት ምሁራን የእነዚህን እንግዶች መምጣት ለእንቅስቃሴው መነሻ ከሆኑት ነገሮች እንደ አንዱ ይቈጥሩታል። እዚህ ላይ የተለወጠው የመጣው ብቻ አይደለም፤ የተቀበለውም ነው። የሦስት ሳምንት እንግዳ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ለመከራከር መጀመሪያ መደፋፈር ያስፈልጋልና። ለእንግዳ ደግሞ ቡና ይፈላለታል እንጂ አይከራከሩትም።

እዚሁ ላይ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብለን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትን እናንሣ። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው፣ በአብዛኛው በማስተማር እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ባሕር አልተሻገሩም። ሆኖም የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ የወረዳ ከተማ ዓመት ሲቀመጥ ያየው የገበሬ ኑሮ ብዙውን ተማሪ ከማንኛውም የውጭ አገር ጉዞ በበለጠ አናውጦታል። «ውጭ አገር» የሚለው ቃል የኪሎ ሜትር ጉዳይ ብቻ እንዳይደለ ይህ የሚያስረዳ ይመስለናል።

አጭር ከሆኑት ሁሉ ግን አንዱን ለይተን ብናመሰግን ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሆናል። ጄምስ ሮቢንሰን የተባለ በሐርለም የሚያገለግል ጥቁር ቄስ በ1958 «ኦፐሬሽን ክሮስሮድስ አፍሪካ» የተባለውን ሥራ ሲያቋቁም፣ የአሜሪካን ተማሮች ለአንድ ክረምት ወደ አፍሪካ እየላከ ከአገሩ ተማሮች ጋር ትምህርት ቤት እንዲሠሩ፣ ቦይ እንዲቈፍሩ አደረገ። ጊዜው አጭር ነበር፤ ነገር ግን አካፋውን የሚይዙት ሁለቱም ወገኖች ስለ ነበሩ ማን አስተናጋጅ ማን ተማሪ እንደ ሆነ አይለይም ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይህን ሥራ ለፒስ ኮር መንገድ የጠረገ አድርጎ ቈጥሮታል። ፒስ ኮር ራሱ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መምህራንን ሲልክ ቈይታቸውን ሁለት ዓመት ማድረጉ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ከክረምቱ የተማሩት አንዱ ነገር ክረምት እንደማይበቃ ሳይሆን አይቀርም።

የመለዋወጥም ጥያቄ አለ። እነርሱ ለሦስት ሳምንት ወደ አንድ የአፍሪካ አገር ለመምጣት የሚያስፈልጋቸው ፓስፖርት፣ ቪዛና የቲኬት ዋጋ ነው። የአገሩ ተማሪ ለሦስት ሳምንት ወደ እነርሱ ዩኒቨርሲቲ ልሂድ ቢል የባንክ ሒሳብ አሳይ፣ እንደምትመለስ አረጋግጥ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም በኤምባሲ መስኮት ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ልውውጥ» የሚለው ቃል ለአብዛኛዎቹ ለእነዚህ ፕሮግራሞች አይስማማቸውም። አንዱ ወገን ብቻ የሚሄድበት መንገድ ልውውጥ አይባልም።

እንግዲህ አጭሩ ፕሮግራም ይዘጋ አንልም። ከዘጋነው የሚቀርበት ያ ለኑሮው የሚሠራው ተማሪ ነው፤ የሀብታሙ ልጅ በራሱ ገንዘብ ይሄዳል። የምንለው ጕብኝቱ ጕብኝት ይባል፣ ማርክ የሚሰጥበት ከሆነ ግን ማርክ የሚያሰጥ ሥራ ይሠራበት ነው። ከመሄድ በፊት አንድ ሰሜስተር ሙሉ ቋንቋውን፣ ሌላው ቢቀር ሰላምታውንና ገበያውን ያህል፣ መማር ለአጭር ፕሮግራም የማይቻል ነገር አይደለም፤ በገዛ አገር ተቀምጦ የሚደረግ ነውና ለድኻውም አይከብደውም። የአንድ ሰዓት ንግግር የሚጋበዘው ምሁርም የኮርሱ መምህር ተብሎ ደመወዝና ማርክ የመስጠት ሥልጣን ቢያገኝ፣ ሃያው ተማሮችም ከአገሩ ሃያ ተማሮች ጋር በአንድ ክፍል ለአንድ ፈተና ቢቀመጡ፣ ደሴቲቱ ቢያንስ ድልድይ ታገኛለች።

ከሁሉ ግን በትንሽ ወጪ ሊፈጸም የሚችለው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የሦስት ሳምንቱ ተማሮች የሚጽፉት ወረቀት ማርክ ከማግኘቱ በፊት ወደተጻፈበት አገር ኮሌጅ ይላክ፤ ስለ ገበያው የተጻፈውን ገበያውን የሚያውቅ ተማሪ፣ ስለ ክሊኒኩ የተጻፈውን በዚያ የሚሠራ ሰው አንብቦ አስተያየቱን ይጻፍበት። አንድ ቅጂም በዚያው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በዚህ በእኛ ቤተ መጻሕፍት በኩል፣ ስለ አገራችን የተጻፉ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ቢላኩ የሚቀመጡበት መደርደሪያም ሆነ የሚያነቧቸው ተማሮች አይጠፉም።